«በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ»

ፍርድ ቤት በሚገባ የክስ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ ከፊርማው በላይ፣ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ትቀመጣለች። ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ ትላለች። በጥብቅና ሥራ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከመለመዷ የተነሣ ዓይን አይቶ የሚያልፋት፣ እጅም ሳያስብ የሚጽፋት ሆና ነበር። እንደገና ቆም ብዬ ያየኋት ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት፣ እኔ ሳልጽፋት፣ እንድትጻፍም ሳላዝ፣ የኮምፒውተሬ ስክሪን ላይ ተጽፋ ስትጠብቀኝ ነው። የጻፋት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የመጋዘን ሠራተኛ በአንድ የማከፋፈያ ድርጅት ከ10 ዓመት በላይ ካገለገሉ በኋላ ተሰናብተው ወደ ቢሮዬ መጡ። የስንብት ደብዳቤው ከሐሙስ እስከ ሰኞ ለተከታታይ 5 ቀናት ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታቸው በመቅረታቸው የሥራ ውላቸው መቋረጡን ይገልጻል። ደብረ ብርሃን ወንድማቸው ሞተውባቸው ለቅሶ ሄደው ነበር። የሚፈልጉት ወደ ሥራቸው መመለስን ነው፤ ስለ ካሳ ሳነሣባቸው ፊታቸውን አዞሩ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። እሳቸው ሽማግሌ ሲልኩ፣ አለቃቸውን ደጅ ሲጠኑ፣ «ነገ እንነጋገራለን» እየተባሉ ሲመላለሱ ሁለት ወር ከሁለት ሳምንት አልፏል።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ችሎት ነበረኝ፤ ረዳቴም ፈቃድ ላይ ነበረች። ስለዚህ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ብቻ እጠቀምበት የነበረውን ቻትጂፒቲ ከፍቼ፣ የደንበኛዬንና የድርጅቱን ስም ትቼ ፍሬ ነገሩን በአማርኛ ጻፍኩለትና ለሥራ ክርክር ችሎት የሚቀርብ የክስ አቤቱታ እንዲያዘጋጅልኝ ጠየቅኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። የፍርድ ቤቱ ስም ከላይ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በየቦታቸው፣ ከዚያ የነገሩ መነሻ፣ የሕግ መሠረቱ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ የሰነድና የሰው ማስረጃ ዝርዝር፣ በመጨረሻም ያቺ ዓረፍተ ነገር። አማርኛው ለስላሳ ነው። ሦስት ሰዓት የሚወስድብኝን ሥራ አልቆ ሳየው ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ያ እፎይታ ምን ያህል ጣፋጭ እንደነበረ ሳልሸሽግ ነው፤ አደጋው ያለው እዚያው ጣፋጭነት ውስጥ ስለሆነ።

ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው በመጀመሪያው ገጽ «ተከሳሽ» የነበረው ድርጅት በሁለተኛው ገጽ «ተጠሪ» ሆኖ አገኘሁት። በእኛ አሠራር እነዚህ ስያሜዎች እንደፈለጉ የሚለዋወጡ አይደሉም። በመጀመሪያ ደረጃ ከሳሽና ተከሳሽ፣ በይግባኝ ይግባኝ ባይና መልስ ሰጪ፣ በሰበር አመልካችና ተጠሪ እንላለን። ይህ ስሕተት ብቻውን ክስ አይጥልም፤ ጽሑፉን ያዘጋጀው በየትኛው ፍርድ ቤት ፊት እንደቆመ እንደማያውቅ ግን ያሳብቃል።

የከፋው ሕጉ ነበር። ማሽኑ ክሱን ያቆመው «በአዋጅ ቁጥር 377/2003» ላይ ነው። በአማርኛ እንዲህ የተጻፈ አዋጅ የለም። አዋጅ ቁጥር 377 በእኛ አቆጣጠር የ1996 ሲሆን 2003 የሚለው ከእንግሊዝኛው የተወሰደ የፈረንጅ ዓመት ነው። በዚያም ላይ ይህ አዋጅ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከተተካ ዓመታት ተቆጥረዋል። አሮጌው አዋጅ ሠራተኛው ያለ በቂ ምክንያት ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ ለ10፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ለ30 የሥራ ቀናት ከቀረ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበትን ይፈቅድ ነበር። አዲሱ ግን በአንቀጽ 27 ላይ መቅረቱ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መድረሱን፣ ሠራተኛው ስለዚህ ችግሩ በጽሑፍ እየተነገረው የቀረ መሆኑን፣ መቅረቱም በአዋጁ ከተደነገጉት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን መሆኑን አንድ ላይ ይጠይቃል። ደንበኛዬ አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው አያውቅም። ለወንድም ለቅሶም አዋጁ በአንቀጽ 81 የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ማሽኑ በተሻረው ሕግ ላይ ቆሞ፣ የ5 ቀን መቅረቱን ሙሉ በሙሉ አምኖ፣ «በቂ ምክንያት ነበራቸው» ወደሚል ልመና ወደሚመስል ክርክር ወርዶ ነበር። ሊረታ ለሚችል ሰው የተረታ ሰው ክስ ጻፈላቸው ማለት ነው።

ይህንንም ክርክር በሰበር ውሳኔ ደግፎታል። የመዝገብ ቁጥሩ አምስት አሃዝ ነው፤ ውሳኔው የታተመበት የሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ተጠቅሷል፤ የውሳኔው ጭብጥም በሁለት መስመር ተቀምጧል። ቅጹን ከመደርደሪያ አውርጄ ስገልጥ በዚያ ቁጥር የተመዘገበው ጉዳይ የባልና ሚስት የንብረት ክርክር ሆኖ አገኘሁት። ወደ ማሽኑ ተመልሼ ስለ ውሳኔው እርግጠኛ መሆኑን ጠየቅኩት፤ እርግጠኛ እንደሆነ ነገረኝ። ቅጹን ገልጬ እንዳላገኘሁት ስገልጽለት በትሕትና ይቅርታ ጠየቀና ሌላ ቁጥር ሰጠኝ። ሁለተኛው ቁጥር ከነጭራሹ በቅጹ ውስጥ አልነበረም። ከዚህ ሁሉ በታች «ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣለሁ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ቀጥ ብላ ቆማለች።

እነዚህ መሣሪያዎች እንዴት እንደሚሠሩ ከዚያ ምሽት በኋላ ነው በቅጡ ማንበብ የጀመርኩት። እንደተረዳሁት ማሽኑ ውሳኔዎችን በየፋይሉ አስቀምጦ ሲጠየቅ የሚያወጣ መዝገብ ቤት አይደለም። ካነበበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ ይችላል እያለ ይገምታል። «የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር» ከሚለው ሐረግ ቀጥሎ አምስት አሃዝ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ከዚያ «በቅጽ» እንደሚል ያውቃል፤ ከዚያ ለጠየቅኩት ጉዳይ የሚስማማ ጭብጥ መከተል እንዳለበት ያውቃል። የጥቅሱን መልክ ጠንቅቆ ይዞታል። ከመልኩ ጀርባ መዝገብ መኖር አለመኖሩ ግን በሥራው ውስጥ የለም። ስለዚህ ልክ የሆነውንም ያልሆነውንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይናገራል፤ የማያውቅ ሰው ላይ የምናየው ማመንታት አይታይበትም። እኛ ጠበቆች ምስክር ሲዋሽ ድምፁንና ዓይኑን ማንበብ ለምደናል፤ እዚህ ያ ልምድ አይረዳንም።

በዚህ ጉድጓድ የወደቀ የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። አንድ መንገደኛ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኤል ሳልቫዶር ወደ ኒው ዮርክ ሲበር የምግብ ማመላለሻ ጋሪ ጉልበቴን መታኝ ብሎ አቪያንካ የተባለውን የኮሎምቢያ አየር መንገድ ከሰሰ። አየር መንገዱ የዓለም አቀፍ በረራ ተጠያቂነትን የሚገዛው የሞንትሪያል ስምምነት የሚፈቅደው የ2 ዓመት ጊዜ አልፏልና ክሱ ይዘጋልኝ አለ። የመንገደኛው ጠበቃ ከ30 ዓመት በላይ ልምድ ያላቸው ሰው ነበሩ፤ የይርጋውን መቃወሚያ ለማፍረስ ቻትጂፒቲን ውሳኔዎች እንዲያፈላልግላቸው ጠየቁት፤ የሰጣቸውንም በመልሳቸው ውስጥ ጠቀሱ። የአየር መንገዱ ጠበቆች ውሳኔዎቹን ፈልገው አጡ፤ ዳኛውም አጡ። ፍርድ ቤቱ የውሳኔዎቹ ግልባጭ እንዲቀርብ ሲያዝ የመንገደኛው ወገን ጠበቆች ያቀረቡት ራሱ ማሽኑ የጻፋቸውን «ውሳኔዎች» ነበር። ከመካከላቸው አንዱ እውነተኛ ውሳኔ መሆኑን ማሽኑን ጠይቀውት አዎ ብሏቸው ነበር። ዳኛ ኬቨን ካስል እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 2023 በሰጡት ውሳኔ 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ፣ ስማቸው በፈጠራ ውሳኔዎቹ ላይ ለተጠቀሰ ዳኞችም ደብዳቤ ጽፈው እንዲያሳውቁ አዘዙ።

ይህን ውሳኔ ሳነብ ከቅጣቱ ይልቅ ሁለት ነገሮች አእምሮዬ ውስጥ ቀሩ። አንደኛው፣ ያንንም ጠበቃ ያስጨነቃቸው እንደኔው ይርጋ መሆኑ ነው፤ ሰዓት እየሮጠብን የምንይዘውን ገመድ ጥንካሬ አንፈትሽም። ሁለተኛው፣ ዳኛው በማሽን መረዳትን በራሱ ነውር ነው አላሉም። አስተማማኝ መሣሪያ ለእገዛ መጠቀም በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ጠበቃ ለሚያቀርበው ጽሑፍ ትክክለኛነት በር ጠባቂ የመሆን ግዴታ እንዳለበት ነው የጻፉት። ጥፋቱን ያከበደባቸውም ውሳኔዎቹ እንደሌሉ ከተነገራቸው በኋላ ዝም ብለው በአቋማቸው መቆየታቸው ነው።

የለንደኑ ጉዳይ ደግሞ ከእኛ ቢሮዎች ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 2025 በዳኛ ዴም ቪክቶሪያ ሻርፕ የተመራው የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ችሎት ሁለት ጉዳዮችን አጣምሮ ሲያይ፣ በአንደኛው ከተጠቀሱት 45 ውሳኔዎች 18ቱ ከነጭራሹ እንደሌሉ ታወቀ። የሚገርመው ምርምሩን የሠራው ባለጉዳዩ ራሱ መሆኑ ነው፤ ጠበቃው ከደንበኛው የመጣለትን ተቀብሎ አስገባ። ችሎቱ እንዲህ ያለው ድርጊት ፍርድ ቤትን በመድፈር፣ በከፋ ሁኔታም የፍትሕን ሥራ በማዛባት ወንጀል ሊያስጠይቅ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ደንበኞች ማሽን የጻፈላቸውን መልስ በቴሌግራም እየላኩ «ይህን ብቻ ፈርምልኝ» ማለት ጀምረዋል። ከእነዚህ መካከል የተማሩ፣ በሥራቸው የተከበሩ ሰዎች አሉበት። «አይሆንም፣ መጀመሪያ ላንብበው» ስላቸው ዋጋ ለመጨመር የማደርገው የሚመስላቸው አሉ፤ እነዚህን ሰዎች አልወቅሳቸውም፤ ከሩቅ ሲታይ ጽሑፉ ያለቀ ይመስላል።

ለሕግ ባለሙያዎች ተብለው የተሠሩ፣ ከእውነተኛ የውሳኔዎች ክምችት ጋር የተያያዙ ውድ መሣሪያዎች መኖራቸውን የሚያውቅ ሰው ችግሩ በእነሱ ይፈታል ሊል ይችላል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረጉት ጥናት እነዚህ መሣሪያዎች እንኳ ከ17 እስከ 33 በመቶ በሚሆኑ ጥያቄዎች ላይ የተሳሳተ ወይም ያልተደገፈ መልስ ሲሰጡ አግኝተዋቸዋል። ይህ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በሥርዓት ታትሞ የተቀመጠ፣ ለማሽን ምቹ የሆነ ሕግ።

የእኛ ሕግ ለማሽን የሚታየው በጭላንጭል ነው። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተደረገ፤ በኋላ የመጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው ውሳኔ ይህን ኃይል እንዲይዝ አድርጓል። ስለዚህ ለእኛ የሰበር መዝገብ ቁጥር ማስጌጫ አይደለም፤ ራሱ ሕግ ነው። እነዚያን ቅጾች ከፍቶ ለመቅዳት የሞከረ የሙያ ባልደረባ ግን የምለውን ያውቀዋል። ብዙዎቹ የተተየቡት ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሳይሆን በድሮዎቹ የአማርኛ መተየቢያዎች፣ በእነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነው። በዓይን ሲታዩ ጥርት ያለ አማርኛ ናቸው። አንድ አንቀጽ መርጠህ ሌላ ቦታ ስትለጥፈው ግን የላቲን ፊደላት፣ የቅንፍና የዶላር ምልክቶች ክምር ይሆናል። ቀሪዎቹ ደግሞ ተስካን የተደረጉ ምስሎች ናቸው። እኛ የምናነበው ገጽ ለማሽኑ ያ ክምር ነው። የሰበር ውሳኔዎቻችንን ሳያነብ ስለ እነሱ በልበ ሙሉነት እንዲናገር የሚያደርገውም ይኸው ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶውን የሚሞላው ከሌላ አገር ሕግና ከእንግሊዝኛ ትርጉሞች በለቀመው ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይነሣል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሁለቱ ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። የሥነ ሥርዓት ክርክር ሙሉ በሙሉ በአንድ የአማርኛ ቃል ላይ ሲንጠለጠል አይቻለሁ። ማሽኑ ያነበበው እንግሊዝኛውን ከሆነና ያንን መልሶ ወደ አማርኛ ገልብጦ «አዋጁ እንዲህ ይላል» ካለኝ፣ የሰጠኝ የሕጉን ቃል አይደለም። ጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቶት ስለማየው ብቻ የሕጉ ቃል ነው ብዬ ላምን እችላለሁ። ከዚያ ምሽት ወዲህ ማንኛውንም የአዋጅ ቃል ከጋዜጣው ላይ በእጄ እየተየብኩ ነው የማስገባው። ጊዜ ይወስዳል። ስተይብ ግን ሳነብ ያላየሁትን ቃል አያለሁ፤ በአንቀጽ 27 ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ስለ ፈቃዶች የምትናገረዋን ሐረግ ያስተዋልኳት እንዲህ ስተይብ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ስሕተት በአዋጅ ቁጥር ላይ ብቻ አያበቃም። አሜሪካ ያለ አንድ ዘመዴ የጥገኝነት ማመልከቻውን የሚደግፍ ቃሉን በአማርኛ ጽፎ በማሽን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ ነበር። የታሰረበትን ወር ማሽኑ ወደ ፈረንጅ ለወጠው፤ የተፈታበትን ግን እንዳለ ተወው። በወረቀቱ ላይ ከመታሰሩ በፊት የተፈታ ሰው ሆነ። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ሕግ ዳኛው የጉዳዩን ሥር በማይነካ አለመጣጣም እንኳ የአመልካቹን ተአማኒነት ሊጥል ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠበቃው ከማስገባቷ በፊት ቀኖቹን አንድ በአንድ ጠየቀችው። ሰባትና ስምንት ዓመት በሚያራርቅ አቆጣጠር መካከል የምንኖር ሰዎች ቀን በተጻፈበት ቦታ ሁሉ ማሽንን ማመን አንችልም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ማሽኑን መጠቀም አላቆምኩም፤ እንዲቆምም አልመክርም። በዚያው ጉዳይ ውስጥ ትልቅ ውለታ ውሎልኛል። ክሱን ራሴ እንደገና ጽፌ ስጨርስ ሰጠሁትና የተከሳሽ ድርጅት ጠበቃ ሆኖ እንዲቃወመኝ ጠየቅኩት። ካነሣቸው ሰባት ነጥቦች አምስቱ የማይረቡ ነበሩ። አንዱ ግን፣ ሠራተኛው ለመሄዱ ለማንም እንዳላሳወቀ፣ ካሳወቀም በምን እንደሚያረጋግጥ የሚጠይቅ ነበር። ይህን ደንበኛዬን አልጠየቅኳቸውም ነበር። ስደውልላቸው መርዶውን በሰሙበት ሌሊት ለክፍል ኃላፊያቸው ስልክ እንደደወሉ፣ ኃላፊውም «እግዚአብሔር ያጽናዎት» እንዳላቸው ነገሩኝ። ይህን ትልቅ ነገር ሳይነግሩኝ የቆዩት ስላልጠየቅኳቸው ነው። የጥሪ ዝርዝሩ ከቴሌ እንዲቀርብ ትእዛዝ የመጠየቅ ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ክፉ አድርጎ የሚጠይቀው የሥራ ጓደኛ የለውም፤ በሌሊት አራት ሰዓት የማይሰለች ተቃዋሚ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። የተበታተኑ ደብዳቤዎችን በቀን ቅደም ተከተል ማስያዝም፣ ረጅም ዓረፍተ ነገሬን ማሳጠርም ይችልበታል። እነዚህ ሁሉ ዕቃው በእጄ ያለ፣ ውጤቱንም በዓይኔ ላመሳክረው የምችለው ሥራ ናቸው።

ምን እንደማጋራው ግን እጠነቀቃለሁ። የደንበኛ ምሥጢር የጥብቅና ሙያ ዋልታ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከወጣ በኋላ የሰውን መረጃ ሌላ አገር ወዳለ ኮምፒውተር መላክ በግዴለሽነት የሚደረግ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ምሽት ስም በማውጣቴ ብቻ ተጠንቅቄያለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን የሙያቸውን ዓይነት፣ የድርጅቱን ሥራ፣ የሄዱበትን ከተማና የሟቹን ዝምድና አንድ ላይ ጽፌያለሁ፤ የሚያውቃቸው ሰው ቢያነበው ማን እንደሆኑ ወዲያው ይለያቸዋል። ይህን ለደንበኛዬ ነግሬ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። አሁን ከመጠቀሜ በፊት አስፈቅዳለሁ፤ በቤተሰብና በወንጀል ጉዳዮች ደግሞ ጭራሽ አልጠቀምበትም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጠበቃ የማይቆምለት ሰው ነው። በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ራፖር የሚጽፉ ሰዎች ለብዙ ድሀ የፍትሕ የመጀመሪያ በር ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ዛሬ በስልካቸው ማሽን ያስጽፋሉ። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሰው በነጻ የሚጽፍለት መሣሪያ ማግኘቱን እደግፋለሁ፤ ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀምጦ ዳኛ ፊት መቅረቡ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። ግን እኔን ያዳነኝ መደርደሪያዬ ላይ ያለው ቅጽ ነበር። ያ ሰው መደርደሪያ የለውም። የተሻረ ሕግ ቢጠቀስለት የሚነግረው ተቃራኒ ወገን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይርጋው አልፎ ይሆናል። ለዚህ ነው የሰበር ውሳኔዎችና አዋጆች በዩኒኮድ፣ ሊፈለጉና ሊመሳከሩ በሚችሉበት መልክ፣ በነጻ ለሁሉም እንዲቀርቡ አጥብቄ የምጠይቀው። ማሽኑ እንዳይዋሽ የምናደርግበት ሌላ አጭር መንገድ አላየሁም።

አያቴ በልጅነታቸው ያዩትን የበላ ልበልሃ ሙግት ይተርኩልን ነበር። ተሟጋቹ ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ዳኛው ፊት እየተወራጨ ሲናገር ለነገሩ ማስያዣ ያስይዛል፤ ማር ይላል፣ በቅሎ ይላል። ሐሰት ከተገኘበት ያስያዘው ይሄዳል። ዛሬ በቅሎ አናስይዝም፤ በቁጥር 92 ሥር የምንፈርመው ፊርማ ግን የዚያ ማስያዣ ታናሽ ወንድም ይመስለኛል። ፈቃዴን፣ ስሜን፣ የደንበኛዬን እንጀራ ነው የማስይዘው። ማሽኑ ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ የሚያስይዘው አንዳች ነገር የለውም። ስለዚህ አሁን ከምጠቀምባቸው የክስ ጽሑፍ ናሙናዎች ሁሉ አጥፍቻታለሁ፤ ታትማ እንድትወጣ አልፈቅድም። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ነው የምጽፋት፤ የጠቀስኳቸውን ሁሉ ገልጬ ካየሁ በኋላ።

የእኒያን ደንበኛ ክስ ከማስገባቴ በፊት ቢሮዬ ጠርቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ይህን ልማድ ያስተማሩኝ ሥራ ያስጀመሩኝ አንጋፋ ጠበቃ ናቸው። «ጋሼ፣ ያልሆነ ነገር ከሰሙ ያቋርጡኝ» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በጸጥታ ሲያዳምጡ ቆዩ። «ከሐሙስ እስከ ሰኞ ለ5 ቀናት» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እሑድንም ቆጥራችኋታል እንዴ? እሑድ እኮ መጋዘኑ ዝግ ነው።»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ። የስንብት ደብዳቤው 5 ብሎ ጻፈ፤ ማሽኑ 5 ብሎ ተቀበለ፤ ተቃዋሚ ሆኖ ሲከራከረኝም 5 ነው ያለው፤ እኔም ሁለት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አንብቤ 5 እያልኩ አልፌያለሁ። የአዋጁ የ5 ቀን መስፈርት ራሱ አልተሟላም ነበር። አንቀጹን ሰርዤ እንደገና ጻፍኩት፤ አተምኩት፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደግሜ አነበብኩላቸው። በዚህኛው ጊዜ እጃቸውን አላነሡም። እስክሪብቶዬን አነሣሁና ያቺን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ፈረምኩ። በማግስቱ ጠዋት ሬጅስትራር ፊት ስሰለፍ ይርጋው ሊሞላ 4 ቀን ይቀረው ነበር።